ቀሪው አይነሣም

ወለላ በሥራ ቀን ሁለት መቶ አርባ ጊዜ ከጠረጴዛ ላይ ትወርዳለች። ጠረጴዛው ከጉልበቷ ከፍ ይላል፤ ጠርዙ በሰው እግር ብዛት ለስልሷል። ትወጣለች፤ ትቆማለች፤ ከፊቷ ያለው መብራት አረንጓዴ ሲሆን ቃሉን ትላለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲያልቅ እግሯ ወለሉን መንካት አለበት። ቢቀድም ወይም ቢዘገይ መብራቱ ቢጫ ይሆንና ያኛው አይቆጠርላትም። ሁለት መቶ አርባው ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ጉልበቷን በቅባት አሽታ ካፖርቷን ትለብሳለች።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ከተማው ደብረ ብርሃን፣ አዳራሹም ጥንት ብርድ ልብስ ይሸመንበት የነበረ ረጅም ቤት ነው። በውስጡ የሚውሉት መቶ ሰማንያ ሰዎች ሥራቸው አንድ ነው፤ ይሄዳሉ።

የሚሄዱት በሳምታል ነው። ሳምታል አንድም ሕፃን አፉን ያልፈታበት ቋንቋ ነው። የሰሜን ባሕር ከተሞች ቋንቋዎቻቸው አላስማማ ቢሏቸው፣ ከጀርመንኛ፣ ከሆላንድኛ፣ ከስዊድንኛ እየቆነጠሩ በኮሚቴ ያቦኩት ነው። ኮሚቴው በብዙ ነገር ቸኩሏል፤ በአንድ ነገር ግን ተጠቧል። ሰው የሚለቀው ነገር ሁሉ፣ እንደ አለቃቀቁ ዓይነት፣ በስሙ መጨረሻ ላይ ጅራት ይቀጠልለታል። ከውስጡ ለወጡለት ‹ኡት›፣ ከላዩ ለወረዱለት ‹አፍ›፣ ሰው ሆኖ ተለይተውት ለሄዱ ‹ፍራ›። በየበሩ ሰው ሲሄድ የሚናገሩት የሰሜኖቹ መሣሪያዎች ቃሉንም ጅራቱንም አሳምረው ያውቃሉ። የማያውቁት የሰው ገላ ሲሄድ ድምፁ ምን እንደሚሆን ነበር፤ እሱን የሚማሩት ከደብረ ብርሃን ነው።

ስለዚህ የአዳራሹ አንድ ወገን በር በር ብቻ ነው፤ የኡት ሠራተኞች ከባዶ ክፍል ይወጣሉ። ሌላው ወገን የወለላና የጓደኞቿ ጠረጴዛዎች የተደረደሩበት ነው። መካከሉን የሰው ቁመት የሚያህል ግርዶሽ ይለየዋል፤ ከግርዶሹ ማዶ ስልሳ ወንበሮች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ይህ የፍራ ረድፍ ነው። በአንዱ ወንበር ሂያጅ፣ በሌላው ቀሪ ይቀመጣል። ሂያጁ ይነሣል፤ የቀሪውን ስም ከነጅራቱ ይጠራል፤ አሥራ አንድ እርምጃ ተራምዶ በበሩ ይወጣል። በጓሮ ዞሮ ይመለስና እንደገና ይሄዳል። በቀን አርባ ጊዜ ነው፤ ከአርባ በላይ የሞከረ ሰው ድምፁ ይደርቅበታል።

በጠረጴዛዎቹ በኩል ያሉት ሴቶች በዚህ ይቀልዱ ነበር። ‹‹እኛ አፍ ነን፤ ልቡ ማዶ ነው›› ይሉ ነበር። ወለላ አትስቅም። እሷ ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሠልጣኞች አንደኛ ወጥታ፣ የአዳራሹን የአማርኛ መመሪያ በእጇ የጻፈች ሴት ነበረች። ሥልጠናውን ስትጨርስ፣ በማታውቀው አገር የማታውቀው ሰው በሩ ሲዘጋበት የሚሰማው ድምፅ እውነተኛ ቢሆንለት ብቸኝነቱ በጥቂቱም ቢሆን እንደሚቀልለት ታምን ነበር። ይህንንም በመግቢያው ላይ ጽፋዋለች። ፍራ ለእሷ እንደሚሰጥ ያልጠረጠረ አልነበረም። ዕጣው ሲወጣ ግን እሷ ጠረጴዛ ላይ ወጣች፤ ባሏ ናሁሠናይ የፍራ ቀሪ ሆነ፤ ሂያጁም ሐረገወይን የምትባል፣ በሥልጠናው ሰባ አራተኛ የወጣች ሴት ሆነች። ባልና ሚስትን በፍራ ማጣመር የተከለከለ ነበር።

በመመሪያው ገጽ አሥራ አራት ላይ ወለላ ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አስፍራለች። ‹‹ቀሪው አይነሣም። ቀሪው አይከተልም። ቀሪው አይመርቅም።›› እነዚህ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ባይኖሩ አዳራሹ በመጀመሪያው ወር ይዘጋ ነበር። ሂያጁ ሲነሣ ቀሪውም ብድግ ይላል፤ ሂያጁ ሲራመድ ቀሪው ‹‹እስከ በሩ›› ብሎ ይከተላል፤ ሂያጁ ‹‹ኧረ በሞቴ ተመለስ›› ይላል፤ በሩ ላይ ደግሞ በሰላም ግቢ፣ በሰላም ዋል ይባባላሉ። ይህ ሁሉ ወደ ሰሜን ሲላክ መሣሪያዎቹ ሊረዱት አልቻሉም። ከሰሜን ደብዳቤ መጣ፤ ወንበሮቹ ጉድለት አለባቸው ወይ የሚል። መልስ ሳይጠብቁም ሌላ ወንበር ላኩ፤ ከባድ፣ መቀመጫው የጎደጎደ፣ የተቀመጠበት ሰው በትንሹ እንኳ ሲንቀሳቀስ ሲጥጥ የሚል።

ከሁሉ ያስቸገሩት ጋሽ ይግለጡ የሚባሉ፣ በጡረታ የተገለሉ የመሬት ቀያሽ ነበሩ። አርባውንም ጊዜ ሂያጃቸውን እስከ በር ይሸኙ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ወለላ መመሪያውን ይዛ ሄዳ በትሕትና አስረዳቻቸው። ሽማግሌው እስክትጨርስ አዳመጧት።

‹‹ልጄ፣ ጽሕፈትሽ ያማረ ነው›› አሏት። ‹‹ግን ሰው ሲሄድ ወንበር ላይ ተተክሎ ማየት ከየት የመጣ ነውር ነው?››

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ከመቶ የሚሰጣቸው የመለየት ልክ ሠላሳ አንድ ሆኖ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ተሰናበቱ። ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ከቶ አልነበረም። የሄዱ ዕለት የፍራ ረድፍ በሞላ ተነሥቶ እስከ ውጭው ቅጥር ሸኛቸው፤ ሥራው ሃያ ደቂቃ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የቀሩት ራሳቸውን መግዛት ተማሩ። ፈጽሞ ግን አልተዋቸውም፤ ሂያጅ ሲነሣ ወንበሮቹ አንዴ ሲጥጥ ይላሉ፤ ጉልበቶች ሊነሡ ይሉና ይመለሳሉ። ጥሩ የተባለ ጥንድ ልኩ ሰባ፣ ሰባ አምስት ነበር።

የሐረገወይንና የናሁሠናይ ልክ ዘጠና ስድስት ሆነ።

ልኩ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በግድግዳው ይወጣል፤ ስሞቹ ጎን ለጎን ናቸው። ሰው በምን እንደሚሰላ አያውቅም፤ ስለማያውቅም አንድ እምነት በአዳራሹ ሰፈነ፤ ያልወደዱትን በእውነት ትቶ መሄድ አይቻልም የሚል። ከመቶ ዘጠና ስድስት እውነት የሆነ መለየት ከመቶ ዘጠና ስድስት እውነት የሆነ መዋደድ ሳይኖር ከየት ይመጣል? ሴቶቹ ይህን ሲያወሩ ወለላን ሲያዩ ያቆማሉ፤ ማቆማቸው ከማውራታቸው ይብስባት ነበር።

ከጠረጴዛዋ ላይ ስትወጣ ግርዶሹን አሻግራ ታያለች። ስትወርድ ይሸፈንባታል። እንዲህ ሆኖ በቀን ሁለት መቶ አርባ ጊዜ ባሏን ታየዋለች፤ ሁለት መቶ አርባ ጊዜም ታጣዋለች። የሚታያት ከደረቱ በላይ ብቻ ነው። ሐረገወይን ከፊቱ ትነሣለች፤ ቁመቷ የተለካ፣ ፊቷ ጭር ያለ ሴት ናት። ‹‹ናሁሠናይፍራ›› ትላለች። በቀን አርባ ጊዜ፣ በሳምንት ሁለት መቶ ጊዜ፣ የባሏን ስም ጅራት ቀጥላ ትጠራዋለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች። የናሁ ራስ አይነቃነቅም፤ ዐይኑ እንኳ አይከተላትም። ድንጋይ ይሆናል። ወለላ ይህን ድንጋይነት ከጠረጴዛዋ ላይ ሆና ብዙ ቀን መረመረችውና ስም አወጣችለት፤ ሐዘን ነው አለች።

ቤታቸው ጠባሴ፣ ከአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ነበር። ናሁሠናይ ብዙ የማይናገር፣ የማይቸኩል፣ የተሰጠውን የሚበላ ሰው ነው። አንድ ልማድ ብቻ ነበረው፤ ወለላ ከቤት ስትወጣ፣ ጨው ልትገዛም ቢሆን፣ ተነሥቶ በነጠላ ጫማው እየተንሸራተተ እስከ ግቢው በር ይከተላታል። ሲጣሉም ይከተላታል፤ ያን ጊዜ በዝምታ ነው። በሩን እሱ ይከፍታል፤ መንገዱ እስኪታጠፍ ቆሞ ያያታል። ድሮ ደስ ይላት ነበር። ኋላ ረሳችው። ቅናት ከገባባት ወዲህ ደግሞ ይከነክናት ጀመር፤ ልቡ ሌላ ዘንድ የሆነ ሰው በእግሩ የሚያታልላት መሰላት።

‹‹ልጅ ነኝ እንዴ? ተቀመጥ›› ትለዋለች።

አንድ ቀን እራት ላይ ጠየቀችው። ድምፅዋን እንደ ፈተና ጥያቄ አስተካክላ ነበር።

‹‹ስትሄድ ምን ታስባለህ?››

‹‹ማን ስትሄድ?››

‹‹ታውቃታለህ።››

ናሁ ጉርሻውን ዋጠ፤ ከልቡ ለማስታወስ ሞከረ። ‹‹ጠዋት ጠዋት ምንም። ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ምን እንደሚሆን አስባለሁ።››

‹‹ምሳ እያሰብክ ነው ዘጠና ስድስት?››

‹‹ልኩን የምሰጠው እኔ አይደለሁም፣ ወለላዬ።››

እውነቱን ነበር። እሷ ግን ምላሹን ከየአቅጣጫው አገላብጣ አየችውና ስፌቱ የማይታይ ውሸት ሆኖ አገኘችው።

በየካቲት ወር ከሰሜን መልእክት መጣ። በወሩ መጨረሻ ኮሚቴው ከባሕር ማዶ ሆኖ ይመለከታል፤ ከፍራ ረድፍ አንድ ጥንድ ይመረጣል፤ የዚያ ጥንድ መለየት ማኅተም ይሆናል። በአርባ ሁለት ከተሞች፣ ሰው ከሰው በተለየ ቁጥር፣ ለአንድ ትውልድ ዕድሜ የሚሰማው ያ ድምፅ ነው። ወለላ ይህን ባነበበች ጊዜ ያሰበችው ስለ ብቸኞቹ የሰሜን ሰዎች አልነበረም። የባሏ ስም በሌላ ሴት አፍ በአርባ ሁለት ከተሞች ሲጠራ ታያት።

በሥልጠናው አንደኛ የወጣ ሰው አንድ ልመና የማቅረብ መብት አለው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የተከለከለም ቢሆን ይፈቀድለታል። ሌሎች መኖሪያ ቤት ወይም የእናት ሕክምና ይለምኑበታል። ወለላ በማግስቱ ጠዋት ወደ አዳራሹ ኃላፊ ወደ እትዬ አጸደ ገባችና ወረቀቱን አስቀመጠች። እትዬ አጸደ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

‹‹ከባልሽ ጋር ልትጣመሪ?››

‹‹አዎ፣ እትዬ።››

‹‹ልጄ፣ ከባልሽ ጋር እኮ እቤትሽ ተጣምረሻል።›› እንደማትስቅ ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። ‹‹ያቺ ወረቀት ሁለተኛ የላትም። አድረሽ ብታስቢበትስ?››

ወለላ አስባበት እንደጨረሰች ነገረቻቸው። በዚያው ቀን ሐረገወይን ወደ ኡት ተዛወረች፤ ከባዶ ክፍል እየወጣች በር ትዘጋ ጀመር። ወለላም ለአራት ወር ካየችው ግርዶሽ ማዶ ተሻግራ ከባሏ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ተነሣች። ‹‹ናሁሠናይፍራ›› አለች፤ በሳምታል አነባበብ እንከን የማይወጣለት ‹ፍራ› ነበር። ወንበሩ ሲጥጥ አለ። አሥራ አንዱን እርምጃ ሄደች፤ ወንበሩ ሁለተኛ ጮኸ፤ ሦስተኛ ጮኸ። በዘጠኝ ሰዓት ግድግዳው ላይ የወጣው ልክ ሃምሳ ስምንት ነበር። በማግስቱ ስልሳ አንድ ሆነ።

ከጠረጴዛዎቹ በኩል አንዷ ‹‹ምነው አፏን ይዛ በተቀመጠች›› ስትል ሰማች፤ ሌሎቹም ሲስቁ። ወለላ በሕይወቷ ስልሳ አንድ አግኝታ አታውቅም። የምትቃጠለው ግን በቁጥሩ ብቻ አልነበረም። ያቺ ሴት ትታው ስትሄድ ከመቶ ዘጠና ስድስት ይጎዳል፤ እኔ ስሄድ ስልሳ አንድ ብቻ፤ ሂሳቡ ይህ ነው ብላ ደመደመች።

ተስፋ መቁረጥ ስለማታውቅበት ልምምድ ጀመረች። ከሥራ እንደተመለሱ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ ናሁን በቤታቸው ወንበር ላይ አስቀምጣ ከፊቱ ትነሣለች፤ ስሙን ትጠራለች፤ ወደ በሩ ትሄዳለች።

‹‹ተነሣህ።››

‹‹አልተነሣሁም።››

‹‹ጉልበትህ ተነሥቷል።››

ናሁ ጉልበቱን እንደ ሌላ ሰው ጉልበት ዝቅ ብሎ አየው። ‹‹እሱ አንቺን ሲያይ ነው እንጂ እኔ አላዘዝኩትም።››

‹‹ከሐረገወይን ጋር እንዴት ነበር የምትቀመጠው?››

‹‹አላውቅም። ቁጭ አልኩ፤ በቃ።››

ሊነግራት ያልፈለገው ምሥጢር ያለ መሰላትና አልገፋችበትም። በምትኩ ሣህን አመጣች። እስከ አፉ ውኃ ሞልታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። በመጀመሪያው ቀን ስትነሣ ውኃው ሱሪውን አራሰው፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ከተጋቡ ወዲህ እንደዚያ የሳቁበት ቀን ትንሽ ነበር። በሁለተኛው ቀንም ፈሰሰ፤ እሱ ብቻ ሳቀ። በሳምንቱ የሚፈሰው ግማሽ ሆነ። ናሁ ሚስቱ አንድ ነገር አጥብቃ እንደፈለገች ያያል፤ ለምን እንደፈለገችው ግን አልጠየቀም፤ የተሰጠውን የሚሠራ ሰው ነውና ሠራው። ወለላ ደብተር ይዛ የእርጥቡን ስፋት ትጽፍ ነበር። ግድግዳው ላይ ሰባ አራት ወጣ፤ ቀጥሎ ሰማንያ ሦስት። በሦስተኛው ሳምንት ውኃው ላይ ሞገድ እንኳ አይታይም ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ናሁ ከተቀመጠበት ሆኖ ‹‹በደህና ተመለሺ›› አላት። ወለላ መሻሻሉን በልቧ መዝግባ ወጣች። የግቢውን በር ራሷ ከፈተች፤ መቀርቀሪያው ከምታስታውሰው ይልቅ ጠበቅ ያለ ነበር።

ከምርጫው በፊት ባለው ቀን፣ ከሥራ በኋላ፣ ወለላ እጇን ስትታጠብ ሐረገወይን ገባች። ከተዛወረች ወዲህ ፊት ለፊት ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነበር። ወለላ ለዚህ ቀን ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ስለ ሕግ፣ ስለ መብት፣ ስለ ትዳር። ሐረገወይን ግን ቧንቧዋን ከፍታ፣ እጇን እየታጠበች፣ እንደ ዋዛ ጀመረችው።

‹‹እንኳን ወሰድሽው›› አለች። ‹‹ደክሞኝ ነበር።››

‹‹ዘጠና ስድስት እያገኘሽ?››

‹‹ስለዚያ ነዋ።›› ሐረገወይን ቧንቧውን ዘጋች። ‹‹ወለላ፣ መመሪያውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ቀሪው አይነሣም ብለሽ። እኔ ያንን ሰው በቀን አርባ ጊዜ፣ አራት ወር ሙሉ ትቼው ሄጃለሁ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ ያ ወንበር ሲጥጥ አላለልኝም። ከምሰሶ አጠገብ ተነሥቼ የምሄድ ነበር የሚመስለኝ። እናቴን ቀብሬ በተመለስኩ በአራተኛው ቀን ዐይኔ አብጦ ከፊቱ ተነሣሁ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ አላየኝም። ያን ቀን ነው ዘጠና ስድስት የወጣው። የሚይዘኝ ከሌለ እንዴት ጥሩ አድርጌ አልሄድም?››

ውኃው ከወለላ ጣቶች ይንጠባጠብ ነበር።

‹‹ያኔ አንቺ ስልሳ አንድ ስታገኚ›› አለች ሐረገወይን፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ‹‹ወንበሩ ሲጮህ እኔ ባዶ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ቀናሁብሽ።››

በሩን ዘግታ ወጣች፤ የኡት ሠራተኛ ናትና አዘጋጓ ድምፅ አልነበረውም።

ወለላ ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። ከአዳራሹ እስከ ጠባሴ ድረስ የደብረ ብርሃን ነፋስ ፊቷን ሲጋረፍ፣ እሷ የእነዚያን ወራት ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና አነበበችው፤ ያልተነቃነቀው ራስ፣ ምሳው፣ ‹ቁጭ አልኩ፤ በቃ›። ያልተሰወረ ነገር ነበር። ስልሳ አንዱ ፍቅሩ ኖሯል፤ እሷ በሣህን እየለካች ሰማንያ ሦስት አደረሰችው። በሩ ላይ ስትደርስ ናሁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሣህኑን ራሱ ሞልቶ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እየጠበቃት ነበር። ‹ውኃውን ድፋው› ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ‹‹ዛሬ ይቅርብን›› ብቻ አለችው።

በማግስቱ ወደ አዳራሹ ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ ቅጥሩ ጋ ሲደርሱ፣ ክንዱን ያዘችው።

‹‹ናሁ፣ ዛሬ እንደመጣልህ ሁን። ብትነሣም ግድ የለም።››

ፈራች ብሎ ገመተ፤ እጇን መታ መታ አደረገላት። ‹‹አታስቢ። አልነሣም። ለአንቺ ስል ተምሬዋለሁ እኮ።››

‹ተነሣልኝ› ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ተለምኖ የተነሣ ሰው እንዳልተነሣ ታውቃለች፤ ደግሞም ያላዘዘችውን መነሣት አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ በጆሮዋ መስማት ፈለገች። ስለዚህ ክንዱን ለቀቀች።

አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር። የጠረጴዛዎቹ ሴቶች ወደ ግርዶሹ ተጠግተዋል፤ እትዬ አጸደ በበሩ አጠገብ ቆመዋል። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ወለላ ተነሣችና የባሏን ፊት አየች። ፊቱ ደግ ነበር፤ እንደ ታዛዥ ተማሪም ተጠንቅቆ ነበር።

‹‹ናሁሠናይፍራ›› አለች።

ያን ቀን በድምፅዋ ውስጥ ምን እንደነበረ በኋላ ብዙ ተብሏል። እሷ የምታውቀው ጀርባዋን ስትሰጥ ጆሮዋ ወደ ኋላዋ እንደቀረ ነው። አንደኛውን እርምጃ በዝግታ ሄደች። ሁለተኛውን ከዚያ በበለጠ ዝግታ። ወንበሩ እንዲጮህ ጠበቀች። በአምስተኛው ላይ ትንፋሿን ያዘች። በስምንተኛው ላይ አንድ ነገር የተሰማት መሰላት፤ የራሷ ጫማ ነበር። በአሥራ አንደኛው በሩን ከፍታ ወጣች።

ዘጠና ስምንት።

ጭብጨባው በግድግዳው አልፎ እስከ ጓሮው ተሰማ። ናሁ በጓሮ በር ሲያገኛት ፊቱ በርቶ ነበር። ‹‹አየሽ?›› አላት፤ ‹‹ጭራሽ አልተነቃነቅሁም።››

ድምፁ ወደ አርባ ሁለት ከተሞች ሄደ። በሰሜን፣ በማታውቃቸው በሮች፣ ሰው ሰውን ትቶ በሄደ ቁጥር የወለላ ድምፅ ይሰማል። የአዳራሹ ሥራ አለቀ፤ ወንበሮቹ ተሸጡ። ሐረገወይን ወደ ትውልድ አገሯ ተመለሰች፤ ስትሄድ ወለላ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘቻት፣ ሻንጣዋንም ይዛላት፣ መስኮቱ እስኪርቅ ቆማ።

ለናሁም ነገረችው። አንድ ማታ ሁሉን ዘረዘረችለት፤ ቅናቷን፣ ወረቀቱን፣ ሣህኑን፣ ስልሳ አንዱን። በትዕግሥት አዳመጣትና ‹‹ታዲያ ይህን ነበር የምትፈልጊው? ቀላል ነው›› አላት። በማግስቱ ጠዋት ስትወጣ ተነሣ። እስከ ግቢው በር ተከተላት። በሩን ከፈተና፣ ያኔ ውኃው ሳይፈስ ሲቀር ያደርገው እንደነበረው፣ ‹ልክ ነኝ?› በሚል ዐይን አያት። ‹‹ልክ ነህ›› አለችው። ሁለተኛ አልጠየቀችውም፤ እሱም በሳምንቱ ተወው። ከዚያ ወዲህ የምትቀናባት ሴት ሌላ ሆነች፤ በየካቲት መጀመሪያ ከባሏ ፊት ተነሥታ ስልሳ አንድ ያገኘችው ወለላ።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ፣ ወደ ማርፈጃው ላይ፣ ዘንቢሏን አንሥታ ‹‹ገበያ ደርሼ ልምጣ›› አለች። ናሁ ከሚያነበው ቀና አለ። ‹‹እሺ፣ በደህና ተመለሺ።›› ከቤቱ ደጃፍ እስከ ግቢው በር ያለውን እርምጃ ሳታስበው ቆጠረችው፤ አሥራ አንድ ሆነ። በሩን ከፍታ ወጣችና መንገዱ ዳር ቆመች። ዘንቢሉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረችው። ወደ ግቢው አልዞረችም። ነጠላ ጫማ ሲንሸራተት ለመስማት ጆሮዋን ብቻ ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች።

ጋሽ ይግለጡ በመንገዱ ሲያልፉ እንዲያ ሆና አገኟት። ኮፍያቸውን አንሥተው ሰላም አሏት።

‹‹ምነው ልጄ፣ ሰው ትጠብቂያለሽ?››

‹‹አዎ፣ ጋሽ ይግለጡ›› አለች። ‹‹አሁን ይመጣል።››

ሽማግሌው ወደ ግቢው አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ። ወደሚሄዱበት ቸኩለው ነበር። ሰው ብቻውን ቆሞ እያዩ መሄድ ግን አልሆነላቸውም። ምርኩዛቸውን ከአጥሩ አስደግፈው አጠገቧ ቆሙ፤ ሁለቱም ጠበቁ።